የተቀበረ ውሃ ድምፅ፦ የሴኡል የጉዞ ማስታወሻ

ሴኡል በደረስኩ በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል እንቅልፍ ስለከዳኝ ተነሥቼ ከማረፊያዬ ወጣሁ። ወሩ ሐምሌ ነው። አዲስ አበባን ክረምቱ እያረሰረሳት ትቻት ብመጣም፣ ኮሪያውያን ‹‹ጃንግማ›› የሚሉት የዝናብ ወቅት እነሱም ዘንድ ገብቶ ስለነበር የአየሩ ሽታ ባዕድ አልሆነብኝም። የመጣሁት ስለ ከተማ ጎርፍ መውረጃና ስለ አረንጓዴ ቦታዎች አያያዝ ለሚሰጥ የሁለት ሳምንት ሥልጠና ነው። ሥልጠናው እስኪጀመር የነበሩኝን ቀናትና በመካከል የማገኛቸውን ትርፍ ሰዓቶች ግን አስቀድሜ ለአንድ ጉዳይ መድቤያቸው ነበር፤ ቾንግጌቾን የተባለውን፣ ከአስፋልት ሥር ተቆፍሮ የወጣውን ጅረት ከራስጌው እስከ ግርጌው በእግሬ ለማየት።

ምክንያቴን ብናገር ይሻላል። ከሃያ ዓመት በላይ በመሐንዲስነት ስሠራ ከነደፍኳቸው የጎርፍ መውረጃዎች አንዱ፣ በወጣትነቴ ለአንድ የመኖሪያ መንደር ግንባታ ያዘጋጀሁት 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የሲሚንቶ ቱቦ ነው። ቦታው ላይ ምንጭ ነበር። የሰፈሩ እናቶች በጀሪካን የሚቀዱለት፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እግራቸውን የሚታጠቡበት፣ በበጋም የማይደርቅ ምንጭ ነበር፤ በግንባታው ሰነድ ላይ ‹‹እንቅፋት›› ተብሎ ስለተመዘገበ እኔ በቱቦ አስገብቼ ከመንገዱ ሥር ወደ ወንዝ ሰደድኩት። በወቅቱ ሥራዬን በሚገባ እንደተወጣሁ አምኜ ነበር። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ያቺ ምንጭ በሐሳቤ ትመላለስ ጀመር፤ ስለዚህ የቀበረውን ውሃ መልሶ ያወጣ ከተማ ምን እንዳገኘ፣ ምንስ እንደቀረው በዓይኔ ማየት ፈለግሁ።

በጉዞው አብሮኝ የነበረው ሴኡል ውስጥ ስለ ውሃ ሀብት ሁለተኛ ዲግሪውን የሚያጠና የጎረቤቴ ልጅ ነው። በልጅነቱ ከቀበና ወንዝ ዳር ኳስ ሲያሳድድ የማውቀው ልጅ ዛሬ ኮሪያኛ አቀላጥፎ ሲናገር መስማት በራሱ ደስታ ነበር። የተቀጣጠርነው ጅረቱ ከሚጀምርበት አደባባይ ላይ ነው፤ ቀይና ሰማያዊ ቀለም ያለው፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊት የሚመስል ግዙፍ ሐውልት ስለቆመበት ለመሳሳት አይቻልም። ከሐውልቱ ሥር ውሃው ከግድግዳ ወጥቶ በአጭር ፏፏቴ ይወርዳል፤ ከዚያም በሁለት ከፍ ያሉ የድንጋይ ግድግዳዎች መካከል ወደ ምሥራቅ ይፈሳል።

ደረጃውን ወርደን ከውሃው ጠርዝ ስንደርስ መጀመሪያ የተሰማኝ በክንዴ ላይ ያረፈው ቅዝቃዜ ነው። ከላይ ያለው ጎዳና በማለዳው እንኳ የታመቀ ሙቀት ነበረው፤ እታች ግን ከውሃው ሽቅብ የሚመጣ ቀዝቃዛ አየር አለ። ልጁ እንዳስረዳኝ ከጅረቱ አጠገብ የተለካው ሙቀት፣ ጥቂት መንገዶች ርቆ ጎን ለጎን በሚሄደው ጎዳና ላይ ከተለካው ከ3.3 እስከ 5.9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ውሃው ጉልበት እንኳ አይደርስም፤ ጥልቀቱ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከሸምበቆው ሥር ትናንሽ ዓሦች ይርመሰመሳሉ፤ አንዲት ረዥም እግር ያላት ነጭ ወፍ ደግሞ ድንጋይ ላይ ቆማ ውሃውን አተኩራ ትመለከት ነበር። ለሥራ የሚጣደፉ ሰዎች ለአምስት ደቂቃ ያህል እዚህ ወርደው፣ ትንሽ ተራምደው፣ እንደገና ወደ ጎዳናው ይወጣሉ።

የዚህን ጅረት ታሪክ ሳያውቁ ውበቱን ብቻ ማየት ብዙ ነገር ያሳጣል። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የጆሶን ሥርወ መንግሥት ሴኡልን ዋና ከተማ ሲያደርግ፣ ከዙሪያዋ ተራሮች የሚወርደው ውሃ ሁሉ መሐል ከተማዋ ላይ ስለሚገናኝ በየክረምቱ ጎርፍ ቤቶችን ያፈርስ ነበር። ንጉሥ ቴጆንግ በ1410ዎቹ መጀመሪያ ጅረቱን አስቆፍሮ ዳርቻዎቹን በድንጋይና በእንጨት አስደገፈ። በ1441፣ በንጉሥ ሴጆንግ ዘመን፣ የዝናብ መለኪያ ዕቃ ተሠራ፤ የጅረቱን ከፍታ የሚያሳይ መለኪያም ውሃው ውስጥ ቆመ። በ1760 ደግሞ ንጉሥ ዮንግጆ 200,000 ገደማ ሰው አሰማርቶ በደለል የተሞላውን ጅረት አስጠረገ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጡ ሰዎች እስከ የት ድረስ መጥረግ እንዳለባቸው እንዲያውቁም በአንዱ ድልድይ ምሰሶ ላይ ምልክት ተቀረጸ። ይህ የመጨረሻው ነገር ልቤን ነካው። በአገራችን ቦይ ስንሠራ ለሚቀጥለው ጠራጊ እንዲህ ያለ መልእክት ትተን አናውቅም፤ እኔም ትቼ አላውቅም።

ዝናቧን በ1441 የለካች ከተማ ግን በ1958 ጅረቷን በኮንክሪት መሸፈን ጀመረች። ምክንያቱ ለመረዳት አያዳግትም። ከኮሪያ ጦርነት የተፈናቀሉ ሰዎች፣ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮቻችን የዘመቱበት ያው ጦርነት ያፈናቀላቸው ሰዎች፣ በጅረቱ ዳር በእንጨት ምሰሶዎች ላይ የተንጠለጠሉ ጎጆዎች ሠርተው ይኖሩ ነበር፤ ፍሳሻቸውም በቀጥታ ወደ ውሃው ይወርድ ስለነበር ጅረቱ ሸተተ፣ በሽታም ያመጣ ጀመር። በሽፋኑ ላይ ጎዳና ተሠራ፤ ከ1967 ጀምሮ ደግሞ ከጎዳናው በላይ ከ5 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ርዝመት ያለው የመኪና ድልድይ ተዘረጋ። ያኔ የአገሪቱ እድገት ምልክት ነበር። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ድልድዩ እየተሸረሸረ ለከባድ መኪናዎች ተከለከለ። በ2002 ለከንቲባነት የተወዳደሩት፣ በኋላም የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የሆኑት ሊ ምዩንግ ባክ ድልድዩን ጠግኖ ከማቆየት ይልቅ አፍርሶ ጅረቱን ማውጣት እንደሚሻል ለመራጩ ቃል ገቡ። ሥራው በሐምሌ 2003 ተጀመረ፤ ጅረቱም ጥቅምት 1 ቀን 2005 ለሕዝብ ተከፈተ።

ወደ ምሥራቅ ስንሄድ የጓንግቶንግን ድልድይ አየን፤ በ1410 ከአንዲት ንግሥት መቃብር በተወሰዱ የተቀረጹ ድንጋዮች የተሠራ፣ ከኮንክሪቱ ሥር ለአሥርት ዓመታት ተቀብሮ የቆየ ድልድይ ነው። ከዚያ በታች ወደ ግርጌው ስንጠጋ ከፈረሰው የመኪና ድልድይ ሆን ተብለው የተተዉ ሦስት የኮንክሪት ምሰሶዎች ከውሃው መካከል ቆመዋል። በአንዱ ሥር ቆሜ ሽቅብ ተመለከትኩ። አናቱ ላይ የተቆረጠው ብረት ዝጎ ይታያል። ሰው ስሕተቱን ሙሉ በሙሉ ደምስሶ ማስረሳት ሲችል ጥቂቱን ለማስታወሻ ማስቀረቱን አከብራለሁ።

እዚያው ምሰሶው ሥር ነው ከጧት ጀምሮ በሐሳቤ የነበረውን ጥያቄ ያነሣሁት። ይህን ያህል መንገድ ስንሄድ ከላይ ዝናብ ሳይዘንብ የውሃው መጠን አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ምንጭ ያለው ውሃ እንዲህ አይሆንም።

‹‹ይህ ውሃ ከየት ነው የሚመጣው?›› አልኩት።

‹‹ጋሼ፣ እርስዎ እንደሚጠይቁኝ አውቄ ነበር›› አለኝ። ‹‹ከሃን ወንዝ በፓምፕ ነው። በከተማው ምሥራቅ ጃያንግ የሚባል ቦታ ተስቦ፣ በቧንቧ ወደ ላይ ተገፍቶ፣ እርስዎ ጧት ካዩት ፏፏቴ ላይ ይለቀቃል። ከምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎች የሚወጣ የከርሰ ምድር ውሃም ይጨመርበታል። በጠቅላላው በቀን 120,000 ቶን እንዲሆን ነው የታቀደው።››

ደብተሬን አውጥቼ አሰላሁት፤ በየሰከንዱ ወደ 70 የሚጠጋ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው፤ ቀንም ሌሊትም፣ በኤሌክትሪክ ኃይል። የጅረቱ ወለልም ውሃው ወደ መሬት እንዳይሰርግ ታስቦ እንዲያግድ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ተገፍቶ የመጣ ውሃ ወደ አፈር ቢገባ ኪሳራ ይሆናልና። ይህን ስሰማ ያዘንኩት ኮሪያውያን አታለሉኝ ብዬ አይደለም። ቾንግጌቾን ድሮም በክረምት የሚሞላ፣ በበጋ የሚጎድል ጅረት ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ እንዲፈስ ከተፈለገ ከሌላ ቦታ ውሃ ማምጣት ግድ ነበር። ሆኖም አሁን የማየው የውሃ ዑደት አይደለም። ዑደት ሰማይን፣ ጣሪያን፣ አፈርን፣ ሥርን፣ ምንጭን አንድ ላይ የሚያያዝ ነገር ነው፤ እዚህ ግን በመካከል ያለው ሁሉ ተቆርጦ በፓምፕ ተተክቷል። መሐል ከተማውን ያቀዘቀዘ፣ መኪናን አስወጥቶ ሰውን ያስገባ፣ ታላቅ ድፍረት የጠየቀ ሥራ መሆኑን ሳልክድ፣ የእኔን ምንጭ የሚመስለው ታሪክ ከዚህ ሌላ ቦታ እንደሚገኝ ገባኝ።

ከጅረቱ ሳንርቅ ሌላም ነገር አየን። በሁለቱም ወገን ያሉት ትናንሽ ሱቆች የብረት ዕቃ፣ አምፖል፣ ጨርቅና ጫማ ይሸጣሉ። ሥራው ሲጀመር በአካባቢው በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነጋዴዎች ነበሩ፤ ብዙዎቹም ተቃወሙ። የከተማው አስተዳደር ደጋግሞ ሰብስቦ አነጋግሯቸዋል፤ በጎዳና ላይ የሚነግዱት ግን መጀመሪያ ወደ አንድ አሮጌ ስታዲየም፣ ስታዲየሙ ለሌላ ግንባታ ሲፈርስ ደግሞ እንደገና ወደ ሌላ ቦታ ተዛውረዋል። አረንጓዴ ቦታ ሲለማ በቦታው ላይ ሲኖርና ሲነግድ የነበረው ሰው ሁለት ጊዜ ከተነቀለ፣ የጥላው ቅዝቃዜ ለእርሱ ምን ትርጉም እንደሚኖረው አላውቅም። ይህንን ጥያቄ ለአገሬም ይዤው ተመልሻለሁ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ መጣ። እንደ እኛ ሐምሌ ዝናብ ድንገት ጨልሞ የሚወርድ ነበር። ከውሃው ዳር ሳለን ከድምፅ ማጉያ ማስታወቂያ ተሰማ፤ ቢጫ የዝናብ ልብስ የለበሱ ሠራተኞች እየዞሩ ሰዉን በትሕትና ወደ ላይ አወጡት፤ የመውረጃ ደረጃዎቹም ተዘጉ። ድልድይ ላይ ቆመን ቁልቁል ተመለከትን። በግራና በቀኝ ግድግዳዎች ላይ ተርታ የተሠሩ፣ በደረቁ ቀን ልብ ያላልኳቸው የብረት መዝጊያዎች ነበሩ። ዝናቡ እየበረታ ሲሄድ ከመካከላቸው አንዱ በቀስታ ወደ ውጭ ተገፋ፤ ከሥሩ ቡናማ ውሃ ወጣ፤ ቀጥሎም ሌላው፣ ከዚያም ሌላው። ከግድግዳው ጀርባ የዝናቡን ውሃና የቤት ፍሳሹን አንድ ላይ የሚሸከሙ ቦዮች አሉ፤ ሲሞሉ ወደ ጅረቱ እንዲተነፍሱ ነው የተሠሩት። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ነጯ ወፍ የቆመችበት ድንጋይ ሰጠመ። ሽታው ወደ ላይ ሲመጣ ሁለታችንም ዝም አልን፤ ክረምት ሲገባ በቀበና ድልድይ ላይ የሚሸተው ሽታ ነበር።

ለጎርፉ መብዛት ሰበቡ ከጅረቱ ራቅ ብሎ በየቤቱና በየመንገዱ ያለ ነገር ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሴኡል ውስጥ ውሃ የማያሰርግ መሬት ከመቶው 8 እጅ እንኳ አይሞላም ነበር፤ ዛሬ ግማሽ ገደማ ደርሷል። ጣሪያ፣ አስፋልትና የመኪና ማቆሚያ የሚቀበሉት ዝናብ ሁሉ ተሰብስቦ በአንድ ጊዜ ወደ ቱቦ ይሮጣል። ነሐሴ 8 ቀን 2022 ማታ በከተማዋ ደቡባዊ ክፍል በአንድ ሰዓት ብቻ ከ140 ሚሊ ሜትር በላይ ሲዘንብ፣ ከመሬት በታች በሚገኙ ቤቶች የሚኖሩ ድሆች በውሃ ታፍነው ሞተዋል። ልጁ ያን ምሽት እዚሁ ከተማ ውስጥ ነበር፤ የክፍሉ መስኮት ከመሬት ጋር እኩል ስለሆነ ከጓደኞቹ ጋር በፎጣና በፕላስቲክ ሲደፍን እንዳደረ ነገረኝ።

በማግስቱ ዝናቡ ሲያባራ፣ ልጁ ‹‹ዛሬ ካልሄድን አይሆንም፤ ከዝናብ ማግስት ነው ድምፁ የሚሰማው›› ብሎ ወደ ከተማዋ ምዕራብ ወሰደኝ። የሰፈር ትንሿ ባለ 9 ቁጥር አውቶቡስ ጠባቡን ዳገት ወጥታ ከምትዞርበት ቦታ ላይ ወረድን። ፊት ለፊታችን የኢንዋንግሳን ተራራ ነጫጭ አለቶች ተደርድረዋል። ሸለቆው ሱሶንግዶንግ ይባላል፤ ትርጓሜውም የውሃ ድምፅ ሰፈር ማለት ነው። ቾንግጌቾንን ድሮ ከሚሞሉት ውሃዎች አንዱ የሚነሣው ከዚህ ነው።

ይህ ቦታ በ1971 ዘጠኝ ሕንፃዎች ያሉት የመኖሪያ አፓርታማ ተሠርቶበት፣ ጅረቱ በኮንክሪት ታፍኖ ነበር። ሕንፃዎቹ ሲያረጁ፣ በእነርሱ ምትክ ሌላ ሕንፃ ከመሥራት ይልቅ አፍርሶ ሸለቆውን ለመመለስ ተወሰነ፤ በ2012 ተጠናቀቀ። ለእድሳቱ መመሪያ የሆነው ጆንግ ሶን የተባለ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሠዓሊ ሸለቆውን የሣለበት ሥዕል ነው። ሥዕሉ ላይ ከጥልቁ ስንጥቅ በላይ የተጋደመች አንዲት ረዥም የድንጋይ ድልድይ አለች፤ ያቺው ድንጋይ ዛሬም እዚያው ናት። ከፈረሰው አፓርታማ ግድግዳም ጥቂቱ ለማስታወሻ ቀርቷል።

ውሃውን ገና ሳላየው ሰማሁት። በአለቱ ስንጥቅ ውስጥ፣ ከድንጋዩ ድልድይ ሥር፣ ቀጭን ሆኖ ግን በኃይል ይወርዳል። ጎንበስ ብዬ እጄን ነከርኩ፤ ቀዝቃዛና ጥርት ያለ ነው። ከዳርቻው ያለው አፈር በጣቴ ስጫነው እንደ ስፖንጅ ወደ ውስጥ ገባ፤ ከቅጠላ ቅጠሉ ሥር ውሃው በጠብታ እየተንጠባጠበ ወደ ጅረቱ ይገባ ነበር። ትናንት የወረደው ዝናብ ነው። ታች ከተማው ላይ የወረደው በአንድ ሰዓት ውስጥ ጎርፍ ሆኖ ሲሄድ፣ እዚህ ላይ የወረደው ግን በሥርና በአፈር ውስጥ አድሮ ዛሬ በእርጋታ ይወጣል። አንድ ዝናብ፣ አንድ ከተማ፣ ከሦስት ኪሎ ሜትር የማይበልጥ ርቀት። አንድ አዛውንት ከአለቱ ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡ ነበር። ሳናውክ ከእርሳቸው ራቅ ብለን ተቀመጥን፤ ለረዥም ጊዜም አልተነጋገርንም።

ከዚያ ውሃውን ተከትለን ቁልቁል ወረድን። መንገዱ አጭር ነው። ሸለቆው ሲያበቃ፣ አውቶቡሷ ከምትዞርበት ቦታ አጠገብ፣ ውሃው የብረት ፍርግርግ አልፎ ከመንገዱ ሥር ይገባል። ከዚያ በኋላ አይታይም። በተሸፈነው ቦይ ከከተማው ፍሳሽ ጋር ተቀላቅሎ ይሄዳል፤ ታች ያለው ጅረት ደግሞ ኪሎ ሜትሮች ተጉዞ በፓምፕ የመጣ ውሃ ይጠብቃል። ከፍርግርጉ አጠገብ ቆሜ የተሰማኝን በቃል መግለጽ ይከብደኛል፤ ያቺን 60 ሴንቲ ሜትር ቱቦ ያየኋት መስሎኝ ነበር።

እንጦጦና ኢንዋንግሳን አንድ ዓይነት አለት ባይሆኑም፣ ታሪካቸው በብዙ ነገር ይመሳሰላል። ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ቀጨኔ፣ ባንትይቀጡ ሁሉም ከእንጦጦና ከግርጌዋ ተነሥተው ወደ ደቡብ የሚወርዱ፣ አዲስ አበባንም ቆራርጠው የሚያልፉ ውሃዎች ናቸው። ከተማችን በ1886 የተቆረቆረችው ራሷ በፍልውሃ ምክንያት ነው። በ2019 የወንዞችን ዳርቻ 56 ኪሎ ሜትር ያህል ለማልማት ታቅዶ ሥራ ሲጀመር ከልቤ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ዛሬም መናፈሻዎቹን አይቼ እደሰታለሁ። ግን ዳርቻው ሣር ለብሶ ወንዙ ፍሳሽ ተሸካሚ ሆኖ ከቀረ፣ ከላይ ያለው ሰፈርም ግቢውን በሙሉ በሲሚንቶ ሸፍኖ ዝናቡን በአሸንዳ ወደ ዲች መልቀቁን ከቀጠለ፣ የሠራነው የወንዙን ልብስ ብቻ ይሆናል። የአቃቂን የጉድጓድ ውሃ የሚመግበው ወደ መሬት የሰረገ ዝናብ ነው። በየክረምቱ ጎርፍ አድርገን እያባረርነው በየበጋው በፈረቃ እንጠብቀዋለን።

በሥልጠናው የመጨረሻ ሳምንት ጃያንግ ሄድን፤ ለቾንግጌቾን ውሃ የሚሳብበት ያው አካባቢ ነው። የሄድነው ግን ለፓምፑ ሳይሆን ስታር ሲቲ የተባለውን፣ አራት ረዣዥም ሕንፃዎችና ከ1,300 በላይ ቤተሰቦች ያሉበትን መንደር ለማየት ነበር። በ2007 ሲጠናቀቅ፣ በወቅቱ የሴኡል ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበሩት ሃን ሙ ዮንግ ባፈለቁት ሐሳብ መሠረት ከምድር ቤቱ ውስጥ 3,000 ቶን ውሃ የሚይዝ ጋን ተሠርቶለታል። ጋኑ እያንዳንዱ 1,000 ቶን በሚይዝ ሦስት ክፍል ተከፍሏል። አንደኛው ከባድ ዝናብ ሲመጣ ጎርፉን ለመዋጥ ባዶውን ይጠብቃል፤ ሁለተኛው ከጣሪያ የወረደውን ዝናብ ይዞ ለአትክልት ማጠጫና ለጋራ መጸዳጃ ቤቶች ይውላል፤ ሦስተኛው ለአደጋ ጊዜ የሚሆን የቧንቧ ውሃ ነው። የከተማው አስተዳደርም ይህን ለሚያደርግ ግንበኛ ከተፈቀደለት የወለል ስፋት በላይ 3 በመቶ ጨምሮ እንዲሠራ ፈቅዷል። በኋላም በ2014 የውሃ ዑደትን ስለ መመለስ የሚደነግግ ደንብ በከተማው ወጥቷል።

ያስደነቀኝ የጋኑ ትልቅነት አይደለም። እናቴ ክረምት ሲገባ ከአሸንዳው ሥር በርሜልና ገበቴ ትደረድር ነበር፤ የቆርቆሮ ጣሪያ ዝናብ ለልብስ ማጠቢያ እንደሚያረካ ታውቃለች። ያስደነቀኝ ያንኑ የእናቴን አሠራር የ58 ፎቅ ሕንፃ ባለቤት በሕግና በጥቅም ተገፋፍቶ እንዲፈጽመው መደረጉ ነው። መቶ ካሬ ሜትር የሆነ የአዲስ አበባ ጣሪያ፣ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ያህል ቢዘንብበት፣ 120 ቶን ውሃ ይቀበላል፤ ስድስት ሺህ ጀሪካን ማለት ነው። ይህን ስሌት የሚሠራ መሐንዲስ በአገራችን አይታጣም። የጎደለን፣ ለኮንዶሚኒየሙም ለሪል ስቴቱም ‹‹ዝናብህን በግቢህ አሳድረው›› የሚል ቁርጥ ያለ ግዴታና እርሱን ለሚፈጽም የሚሰጥ ጥቅም ነው።

ሊሸኘኝ ኤርፖርት ድረስ የመጣው ልጅ ሻንጣዬን እያስረከበኝ፣ ‹‹ጋሼ፣ ያቺ የነገሩኝ ምንጭ አሁንም አለች?›› ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም።

ስለዚህ በታኅሣሥ፣ ዝናብ ከቆመ ሁለት ወር ካለፈው በኋላ፣ ወደዚያ መንደር ሄድኩ። ቱቦው ወንዝ ላይ የሚተፋበትን አፍ የማውቀው እኔ ነኝና ለማግኘት አልተቸገርኩም። የመረጥኩት ሰዓት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ሰው ሁሉ ተኝቶ ቧንቧ በማይከፈትበት ሰዓት ከቱቦ የሚወርድ ውሃ የቤት ፍሳሽ የመሆን ዕድሉ ጠባብ ነው። የመንደሩ ዘበኛ፣ ጋቢያቸውን የተከናነቡ አባት፣ ነገሩን ስነግራቸው ሳይጠራጠሩ የእጅ ባትሪያቸውን ይዘው አብረውኝ ወረዱ። ‹‹እኔ እኮ ሌሊት ሌሊት እሰማታለሁ›› አሉኝ በመንገድ ላይ፤ ‹‹ምን እንደሆነች ግን አላወቅሁም።››

ከቱቦው አፍ ውሃ ይወርዳል። ብርሃኑን ሲያበሩበት ጥርት ያለ ነበር። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከሥሩ ደገንኩ፤ ዘበኛው ባትሪውን ይዘውልኝ በሰዓቴ ቆጠርኩ። በ50 ሰከንድ ሞላ። ደፋሁትና እንደገና ለካሁ፤ 51 ሰከንድ። ለሦስተኛ ጊዜ ለካሁ፤ 50። በደብተሬ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ሦስቱን ቁጥሮች ጻፍኩ፤ በቀን 1,700 ጀሪካን ገደማ ይሆናል። ዘበኛው ጀሪካኑን በሦስተኛው ጊዜ እንዳልደፋው ለመኑኝ፤ ለጧት ሻያቸው ሊያፈሉበት ነበር። ለጊዜው እንዳይጠጡት፣ ቱቦው ፍሳሽም እንደሚያልፍበት ነገርኳቸውና፣ በምትኩ በጥበቃ ቤቱ ደጅ ላለችው የሎሚ ችግኝ አፈሰሱላት።